መቀመጫ የሌለው «የመቀመጫ ቀበቶ»፤ ስለ ዝላይ አይሮፕላን ማሰሪያዎች ስያሜ የቀረበ ሒስ

በቴክኒክ ጽሑፎች ትርጉም ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ስያሜ ጉድለት የሚገለጠው ስያሜው በወጣበት ጊዜ ሳይሆን፣ የተሰየመው ዕቃ ከተለመደ ቦታው ተነሥቶ በሌላ አገልግሎት ላይ ሲውል ነው። «የመቀመጫ ቀበቶ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ በመንገደኞች አይሮፕላን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር ሲያገለግል ቆይቷል። መንገደኛው በመቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ማሰሪያው ከመቀመጫው ጋር ተያይዟል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ይኸው ስያሜ ግን በጃንጥላ የሚዘልሉ ሰዎችን ወደሚያጓጉዝ አነስተኛ አይሮፕላን ሲገባ፣ ቀበቶው አለ፤ መቀመጫው የለም።

ጉዳዩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። ለዝላይ ከሚያገለግሉት አይሮፕላኖች መካከል ሴስና 182፣ ሴስና 206፣ ሴስና ካራቫንና ትዊን ኦተር ይገኙባቸዋል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሲገለገልበት የነበረ ስለሆነ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው ለማሳፈርና ወደ በሩ በቀላሉ ለመድረስ እንዲቻል፣ ከአብራሪው መቀመጫ በቀር ሌሎቹ መቀመጫዎች ብዙውን ጊዜ ይነቀላሉ። ዘላዮቹም ጃንጥላቸውን በጀርባቸው እንደ ተሸከሙ፣ በአብዛኛው ፊታቸውን ወደ አይሮፕላኑ ጭራ አዙረው፣ በወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። መቀመጫው ሲነቀል በእርሱ ላይ የነበረው ማሰሪያ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በወለሉ ወይም በግድግዳው ላይ ሌላ ማሰሪያ መትከል፣ ርዝመቱን መጨመር፣ ዘለበቱን መለወጥ የግድ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ለውጥ በአማርኛ እንዴት ሊነገር እንደሚችል ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ጥቂት ቁጥሮች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1992 በካሊፎርኒያ፣ ፔሪስ ቫሊ በተባለው ቦታ፣ ዘላዮችን የጫነ አንድ ትዊን ኦተር ከመሬት እንደ ተነሣ ወድቆ 16 ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ልዩ ዘገባ፣ ከ1980 ጀምሮ በጃንጥላ ዝላይ በረራዎች ላይ በደረሱ 32 አደጋዎች 172 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ዘላዮች መሆናቸውን ገልጿል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ሰዎች የሞቱት ጃንጥላቸው ሳይዘረጋ ቀርቶ አለመሆኑን ነው፤ የሞቱት አይሮፕላኑ ሲወድቅ ነው። የማሰሪያው ጉዳይ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ወደ ስያሜው እንመለስ። የአሜሪካ የበረራ ደንብ፣ ለስፖርት ዝላይ የተሳፈረ ሰው የአይሮፕላኑን ወለል እንደ መቀመጫ ሊገለገልበት እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህን የሚተረጉም ሰው «የመቀመጫ ቀበቶ» በሚለው ስያሜ ከጸና፣ ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ «የወለል መቀመጫ ቀበቶ» የሚል፣ ጆሮ የማይቀበለው ድርድር ይፈጥራል፤ ወይም «እያንዳንዱ ሰው የመቀመጫ ቀበቶውን ይሰር» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። አንባቢው መቀመጫ በሌለበት አይሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ይህን ትእዛዝ ሲያነብ፣ ትእዛዙ እርሱን እንደማይመለከት ቢረዳ ጥፋቱ የማን ነው? በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ሕግ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደንብ በአማርኛ ወጥቶ ቢሆን፣ ስሕተቱ የተርጓሚ ግድፈት ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ራሱ ሕግ ሆኖ የሚጸና በሆነ ነበር።

በመንገድ ትራፊክ ዘንድ የሚሰማው «የደኅንነት ቀበቶ» መቀመጫን ስለማይጠራ የተሻለ ይመስላል። ይሁን እንጂ እርሱም የራሱ ጣጣ አለበት። በመጀመሪያ ስለ ዕቃው አሠራር አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው ስለሚጠበቀው ውጤት ብቻ ነው። ዕቃው በስሙ ደኅንነትን ከሰጠ፣ «ይህ የደኅንነት ቀበቶ ደኅንነትን አይሰጥም» ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ የምርመራ ዘገባ ግን ይህንኑ መጻፍ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ከዚህም ሌላ «ደኅንነት» በዘመናችን አማርኛ ሸክሙ የበዛበት ቃል ነው። የስለላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛም «የደኅንነት ሰው» ይባላል። ቀበቶውን ከዚህ ጋር የሚያምታታ ሰው አይኖርም፤ ነገር ግን አንድ ቃል ብዙ በር ሲጠብቅ አንዱን በር በቅጡ አይጠብቅም።

የከሣቴ ብርሃን ተሰማም ሆነ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት፣ አንዱ በ1951 ሁለተኛው በ1962 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ይህ ዕቃ ገና በአገራችን ኑሮ ውስጥ አልገባም ነበር። በሦስት ነጥብ የሚያያዘው የመኪና ማሰሪያ እንኳ በቮልቮ መኪና ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስለዚህ ወቀሳው ወደ አበው አይደርስም። አበው ግን ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ ሀብት አውርሰውናል፤ እርሱን ሳንመረምር እንግሊዝኛውን በየክፋዩ ገልብጠን መውሰዳችን ነው የሚያስወቅሰን።

ሀብቱ የት እንዳለ ለማየት ወደ አርሲ ደጋ መውጣት ይጠቅማል። ከአሰላ እስከ ኢተያና ሁሩታ ባለው አገር ፈረስ የግልቢያ፣ የጭነትና የጋሪ እንስሳ ሆኖ ኖሯል። አንድን ነገር በሌላው ላይ አጥብቆ መያዝ በዚህ አገር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ኮርቻ፣ እርካብ፣ ልጓም፣ ጠፍር፣ መጫኛ፣ ችካል የሚሉት ቃላት በአገልግሎት ላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የአማርኛውንና የኦሮምኛውን ድንበር ተሻግረው የሚኖሩ ናቸው፤ ኮርቻ በኦሮምኛ ኮራ፣ ልጓም ሉጋማ ይባላልና። በሁሩታ ገበያ ላይ በሁለቱም ቋንቋ የሚነግድ ሰው እነዚህን ቃላት ሲናገር ቋንቋ የለወጠ አይመስለውም።

አሁን እነዚህን ከቀበቶ ዘመዶች ጋር አነጻጽረን እንያቸው። ቀበቶ፣ መቀነት፣ ድግ፣ ዝናር፤ እነዚህ ሁሉ ሰው የሚታጠቃቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሰውየው ነው፤ ሲነሣ አብረውት ይነሣሉ፤ ሲሄድ አብረውት ይሄዳሉ። ጠፍርና መጫኛ ግን ጭነትን ከተሸካሚው ጋር የሚያጣብቁ ናቸው። አንቀልባም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሕፃኑ አንቀልባን አይታጠቅም፤ በአንቀልባ ይታዘላል። አማርኛ እንግዲህ ሁለት ወገን አለው፦ አንዱ የመታጠቂያ ወገን፣ ሁለተኛው የማሰሪያ ወገን። የአይሮፕላኑ ዕቃ ያለ ጥርጥር የሁለተኛው ወገን ነው፤ ሰውየውን ከተሸካሚው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሰውየው ሲነሣም እዚያው ይቀራል። እኛ ግን በእንግሊዝኛው ቃል ተመርተን ከመጀመሪያው ወገን ስም ሰጠነው። መንገደኛን በሚመለከት ይህ ስሕተት ጉዳት አላመጣም፤ መንገደኛው ሌላ የታጠቀው ነገር የለምና።

ዘላዩ ግን ሌላ ነው። ዘላዩ በአንድ ጊዜ ከሁለቱም ወገን አለበት። ጃንጥላውን ከሰውነቱ ጋር የሚያያይዙት፣ በትከሻው፣ በደረቱና በጭኖቹ የሚያልፉት ጠፍጣፋ ጥብጣቦች የታጠቃቸው ናቸው፤ ከእርሱ ጋር ከአይሮፕላኑ ይወጣሉ፤ ሕይወቱም በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከወለሉ የመጣው ማሰሪያ ደግሞ የአይሮፕላኑ ነው፤ ከመዝለሉ በፊት መፈታት አለበት። አንዱ በጊዜው ካልተፈታ ያግደዋል፤ ሁለተኛው ከተፈታ ይገድለዋል። ሁለቱንም «ቀበቶ» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ፣ «ቀበቶህን ፍታ» የሚለውን ትእዛዝ በሞተር ጩኸት ውስጥ ለሚሰማ ሰው ምን ያህል ግልጽ ሊሆን ይችላል? በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ክርክር ማጠንጠኛ ይኸው ነው፦ ለሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ ሥር ያላቸው ሁለት ቃላት ሊኖሩ ይገባል። ቅጽል በመጨመር ብቻ፣ ማለትም «የአይሮፕላን ቀበቶ» እና «የጃንጥላ ቀበቶ» በማለት፣ ችግሩ አይፈታም፤ በጥድፊያ የሚጣለው ቅጽሉ ነውና።

ለመጀመሪያው «ትጥቅ» የሚለውን የሚያቀርቡ ይኖራሉ። ቃሉ ያማረ ነው፤ ሥሩም ትክክለኛ ነው። ዳሩ ግን «ትጥቅ መፍታት» በአማርኛ መሣሪያ ማስረከብ ማለት ከሆነ ቆይቷል፤ ዘላዩ ወታደር በሆነ ጊዜማ ነገሩ ለቀልድ ይቀርባል። «የጃንጥላ መታጠቂያ» ቢባል ሥሩ ይጠበቃል፤ ከመሣሪያም ይርቃል።

ለሁለተኛው «ጠፍር» ሊታሰብ ይችላል፤ እኔም ቃሉን እወደዋለሁ። ነገር ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። ጠፍር የቆዳ ነው፤ የቆዳነቱ ሐሳብ ከቃሉ አይለይም። ይህ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ቃላት ከዕቃቸው ሲላቀቁ አይተናል። ሁለተኛው ግን አይታለፍም፦ ከ«ጠፈር» የሚለየው በአንድ ፊደል ቅርጽ ብቻ ነው። ስለ በረራ በሚጻፍ መጽሐፍ ውስጥ «የጠፍር ርዝመት» በአራሚ ቸልተኝነት «የጠፈር ርዝመት» ሆኖ ቢወጣ አንባቢው ስሕተት መሆኑን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቀላሉን «ማሰሪያ» መርጫለሁ። ተጠሪው ሰው እንዲሆን «የተሳፋሪ ማሰሪያ» ማለት ይበቃል። ተሳፋሪ በመቀመጫም ይሁን በወለል ላይ ተሳፋሪ ነው። አጻጻፉ በንጉሡ «ሠ» ሳይሆን በእሳቱ «ሰ» መሆኑን ማስታወስ አይከፋም፤ በግእዙ አሰረ ነውና፤ «ማሠሪያ» ከሥራ ጋር ይዛመዳል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃል ማሰሪያው ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ስም ነው። እንግሊዝኛው ከመርከብ ሙያ የተወሰደ ቃል ይጠቀማል፤ በዚያው ተመርቶ «የመልሕቅ ነጥብ» የሚል ትርጉም እዚህም እዚያም ይታያል። መልሕቅ የባሕር ነው፤ ዕቃው ራሱ እየተጣለና እየተጎተተ የሚኖር ነው፤ ለማይነቃነቅ ነገር ስም ሊሆን አይገባውም። አርሲ ላይ ፈረስ የሚታሰርበት ችካል አለልን። «የወለል ችካል» ቢባል አጭር ነው፤ ግልጽም ነው። የዚህ ቃል ጥቅም በስሙ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ የአሠራሩን ምክንያት ጭምር ያስረዳል።

ይኸውም እንዲህ ነው። በቀድሞው ልማድ ዘላዩ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ከአንድ የወለል ነጥብ በመጣ አንድ ጥብጣብ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የበረራ ሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጥናት፣ በወለል ላይ ለሚቀመጡ ዘላዮች የተሻለ ሆኖ የተገኘው፣ ከሁለት የወለል ነጥቦች የሚነሡ ሁለት ጥብጣቦች በዘላዩ ግራና ቀኝ ዳሌ በኩል ከጃንጥላው መታጠቂያ ጋር የሚያያዙበት ዘዴ ነው። ምክንያቱን ለመግለጽ የሜካኒክስ መጽሐፍ አያሻም። በአንድ ችካል የታሰረ ፈረስ በገመዱ ልክ ዙሪያውን ይዞራል፤ በግራና በቀኝ ከሁለት ችካል የታሰረ ፈረስ ግን ባለበት ይቆማል። በአንድ ነጥብ የተያዘ ሰውም ግጭት ሲደርስ በዚያ ነጥብ ዙሪያ ተወርውሮ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይላተማል። «ባለአንድ ችካል ማሰሪያ» እና «ባለሁለት ችካል ማሰሪያ» የሚሉት ስያሜዎች ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ያደርሱታል። ችካል በመዶሻ የሚመታ የእንጨት ነገር ነው የሚል ተቃውሞ ቢመጣ፣ ቁልፍም ሲጀመር የብረት ብቻ አልነበረም ብሎ መመለስ ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ስለ ስሞች ተነጋገርን። ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ግሡ ነው። በዕቃ አሠራር ላይ የሚደረግን ለውጥ አማርኛ ጽሑፎቻችን «ማሻሻል» ይሉታል፤ ለሕግም «ማሻሻያ አዋጅ» እንላለን። የቃሉ ሥር «ተሻለ» ነው። ስለዚህ «ማሰሪያው ተሻሽሏል» ያለ ሰው፣ ማሰሪያው ከበፊቱ ይሻላል ብሏል፤ ይህን ለማለት ማስረጃ ይኑረው አይኑረው ግን ዐረፍተ ነገሩ አይጠይቀውም። የማሰሪያ ጥብጣብ ወፍራም ልብስ ለለበሰ ዘላይ እንዲበቃ ቢረዝም፣ ይህ ለውጥ ነው፤ የተሻለ ይሁን የከፋ የሚታወቀው ሲፈተሽ ነው። የረዘመ ጥብጣብ ሰውየውን ላላ አድርጎ ስለሚይዘው ሊከፋም ይችላል። በበረራ ሕግ ደግሞ የአይሮፕላን ማሰሪያ የሚለወጠው የሚመለከተው ባለሥልጣን ሲፈቅድ ነው፤ የፈቃዱ ቁም ነገር ለውጡ ማሻሻል መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው። ለተመርማሪው ነገር «ማሻሻያ» የሚል ስም አስቀድሞ መስጠት ፍርዱን ከችሎቱ በፊት መጻፍ ነው።

በዚህ ምክንያት ለእንግሊዝኛው ቃል «ለውጥ» የሚለውን ብቻ እንድንጠቀም፣ «ማሻሻል»ንም በፈተና ለተረጋገጠ ብልጫ እንድናስቀር እጠይቃለሁ። «ለውጥ» ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በፖለቲካ አፍ ብዙ የተንገላታ ቃል መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም በደጉም በክፉውም ላይ ስለሚነገር ገለልተኛነቱን ከማናቸውም በተሻለ ጠብቋል። ከምን ወደ ምን እንደ ተለወጠም እንድንናገር ያስገድደናል፤ «ማሻሻል» ግን ይህን ሳይናገሩ ለማለፍ ይመቻል።

የጃንጥላውና የዘላዩ ስም ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ጃንጥላ፣ ወይም ዣንጥላ፣ የዝናቡንና የሰማዩን ዕቃ በአንድ ስም ይዞ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ «ፓራሹት»ም ጎን ለጎን ይሠራል፤ ሁለቱም ይቆዩ። የዝላይ ሙያ ወደ አገራችን በወታደር በኩል በመግባቱ «አየር ወለድ» የሚለው ስም ሥር ሰድዶ፣ በደርግ ዘመን እስከ 102ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ድረስ የክፍል መጠሪያ ሆኗል። ስሙ ሲሠራ የእንግሊዝኛው «የተሸከመ» ከ«የተወለደ» ጋር በድምፅ መመሳሰሉ ሚና የነበረው ይመስላል፤ ሆኖም «ልብ ወለድ» ካለ «አየር ወለድ» አይገርምም። ለስፖርተኛው ግን ይህን የጦር ስም መስጠት አይገባም። «የጃንጥላ ዘላይ» ይበቃል። «ሰማይ ጠላቂ» የሚለውን ቃል በቃል ትርጉም ማንም በቁም ነገር እንደማያቀርበው ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ የዝላይ ማዕከሎች ልማድ ዘላዮች ማሰሪያቸውን የሚፈቱት አይሮፕላኑ ከ1,000 እስከ 1,500 ጫማ ከፍታ ሲደርስ ነው። በዚህ ዓይነቱ መመሪያ ውስጥ «ከፍታ» ሲባል ከመሬት በላይ ማለት ነው። በባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ ለሚበርር ሰው ከመሬትም ከባሕር ወለልም ቢቆጠር ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ሳያብራራው ያልፋል። ተርጓሚውም «ማሰሪያ በ1,500 ጫማ ከፍታ ይፈታል» ብሎ እንደ ወረደ ይጽፋል። በአማርኛ «ከፍታ» ሳይብራራ ሲቀር በትምህርት ቤት የለመድነው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ነው። ሁሩታ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ይህም ከ6,500 ጫማ በላይ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነሥቶ የቆመ አይሮፕላን ቢኖር፣ ትርጉሙ እንደ ተጻፈ ከተነበበ፣ ማሰሪያው የሚፈታው ጎማው ከመሬት ሳይነሣ ነው። አደጋው ደግሞ የሚከፋው በመነሣት ላይ ነው፤ የፔሪስ ቫሊው አይሮፕላንም የወደቀው በዚያው ሰዓት ነበር።

በዚያው አይሮፕላን ውስጥ ሁለት የከፍታ መለኪያዎች እንደሚኖሩም መታወስ አለበት። የአብራሪው መለኪያ በባሕር ወለል ላይ ተመሥርቶ ከ6,500 በላይ ሲያሳይ፣ ዘላዩ በእጁ ያሰረው፣ ከመነሣቱ በፊት በመሬቱ ላይ ወደ ዜሮ የመለሰው፣ ምንም አያሳይም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ለደጋ አገር የሚተረጉም ሰው ስለዚህ «ከፍታ» የሚለውን ለብቻው መተው የለበትም፤ «ከባሕር ወለል በላይ» እና «ከመሬት በላይ» የሚሉትን በየቦታው መድገም ቢሰለችም ሊደግማቸው ይገባል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን መመሪያውን ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «የተሳፋሪ ማሰሪያ የሚፈታው አይሮፕላኑ ከመሬት በላይ 1,500 ጫማ ሲደርስና አዛዡ ሲያዝ ብቻ ነው፤ የጃንጥላ መታጠቂያ በአይሮፕላኑ ውስጥ በማናቸውም ጊዜ አይፈታም።» የተፈታው ማሰሪያ ከበሩ እንዳይንጠለጠልና የሚወጣውን ሰው እንዳይጠልፍ ተጠቅልሎ መቀመጥ ስላለበት፣ «ይፈታል» ከሚለው ቀጥሎ «ይጠቀለላል» የሚል ግሥ መጨመር ይኖርበታል።